የአስካለ እሺታ

ወይዘሮ ኤልዳና ጎረቤቷን «እንዴት አደርሽ» ካለቻት ሦስት ዓመት አልፏል። ተጣልተው አይደለም። ጎረቤቷ ማግን መረጠች፣ ኤልዳና ድርን መረጠች፣ «እንዴት አደርሽ» ደግሞ የጤና ጥያቄ ነው። በሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ሥር ያሉ ሰዎች አንዱ የሌላውን ጤና ለመጠየቅ የተመዘገበ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ሁለቱ ሴቶች ጠዋት ጠዋት ደጃቸውን ሲጠርጉ ቀና ይሉና «ደህና» ይባባላሉ፤ መልሱን ያለ ጥያቄው። የኮምቦልቻ ሰው መጀመሪያ ላይ ስቆበት ነበር። አሁን የሚያድጉት ልጆች ሰላምታ ማለት ያ ብቻ ይመስላቸዋል።

ቀድሞ ኩታ የሚባል አንድ ኩባንያ ነበር። ደመወዝ በኩታ ይገባል፣ ልጅ በኩታ ይማራል፣ ሐኪም በኩታ ይመረምራል፣ የቤት በር ሳይቀር በኩታ ይከፈታል። ኩታ የማያውቀው ነገር አልነበረም፤ የሚያውቀውንም ለፈለገው ይሸጥ ነበር። በ2068 ዓ.ም. የፈቃድና የውድድር ባለሥልጣን ኩባንያውን ለሁለት ከፈለው። አንዱ ድር፣ ሌላው ማግ ተባለ። ሁለቱ ስለ ሰው ያላቸውን መረጃ እንዳይለዋወጡ በአዋጅ ተከለከሉ። እያንዳንዱ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መዝገብ በሙሉ፣ ማን መቼ እንደከፈተው ጭምር፣ በእጁ እንዲቀበል ተደረገ። ኤልዳና ራሷ በቀበሌው ስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ አዋጁን ደግፋለች። ዛሬም ብትጠየቅ ጥሩ አዋጅ ነው ትላለች።

መዝገቡ በታደለ በሳምንቱ ልጇ አስካለ የእናቷን ስም ከፈቃድ ዝርዝሯ ሰረዘች።

አስካለ ብቸኛ ልጇ ናት። ስሟን ያገኘችው ከቅድመ አያቷ ነው፤ በተወለደችበት ጊዜ የድሮ ስም እንደገና ፋሽን ሆኖ ነበር። አሁን ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከባሏ ከናሆም ጋር ደሴ ትኖራለች። ከኮምቦልቻ ደሴ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት ነው። ሆኖም አስካለ ካልፈቀደች ኤልዳና ልትደውልላት፣ ልትጽፍላት፣ ደጇ ልትቆም፣ ስለ እሷም ሌላ ሰው ልትጠይቅ አትችልም። ፈቃድ የሚለመነው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ለሠላሳ ቀን መልስ ካልመጣ እንደ እምቢታ ይቆጠራል። ከሦስተኛው እምቢታ በኋላ ለማኙ ዳግመኛ መለመን አይችልም።

ኤልዳና ሁለቱን በመጀመሪያው ዓመት ጨርሳለች። በመጀመሪያው «እናትሽ ነኝ» አለች። በሁለተኛው ደም ግፊቷ መጨመሩን ጻፈች። ሁለቱም ሠላሳ ሠላሳ ቀን ቆይተው ተዘጉ። ሦስተኛውን ሁለት ዓመት ሙሉ ሳትነካ አስቀምጣዋለች፤ አንድ ክብሪት ብቻ የቀረው ሰው ነፋስ እንደሚፈራ ፈራችለት። ልጇ ታማ ይሆናል፣ ከጦሳ ተራራ በኩል መሬት ተንዶ ይሆናል፣ አውቶቡስ ሐረጎ ላይ ተገልብጦ ይሆናል እያለች ታስባለች። ያም ሆኖ ያችን አንድ ጥያቄ አታወጣትም። ወጥታ መልስ ካጣች ምን ይቀራታል?

ባለፈው ክረምት የአክስቷ ልጅ ሄራን ደሴ ሄዳ ተመለሰች።

«ሰኞ ገበያ አየኋት» አለች፤ ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች።

«ኧረ በናትሽ፣ ሄራን!»

«ኤልዱ፣ አታስቀጪኝ። ያየሁትን መናገር አልችልም። ጌጤ ይሰማል።»

ጌጥ የሚሉት ሁሉም ሰው ጆሮው ላይ የሚያደርገውን ነው፤ ያናግራል፣ ያደምጣል፣ ይመዘግባል። ኤልዳና ከዚያ በኋላ የሄራንን ፊት ብቻ ማየት ጀመረች። ውሃ ስትጠጣ ፊቷን አየች። ጫማዋን ስታስር ፊቷን አየች። ሄራን ስትሰናበት ከወትሮው አጥብቃ አቀፈቻት። ኤልዳና ያንን እቅፍ ስትፈታ ሳምንት ሙሉ ሰነበተች። አጥብቃ ያቀፈቻት አስካለ ከስታ ነው? ወይስ አምሮባት?

አስካለ በተወለደች በሦስተኛው ቀን ኤልዳና «ሙሉ ጥበቃ» በሚለው ላይ አውራ ጣቷን አሳርፋለች። ያኔ አብዛኛው ወላጅ ቀላሉን ጥበቃ ነበር የሚመርጠው፤ ትኩሳትና ምግብ ብቻ። ኤልዳና ግን ገና ልጅ ሳትወልድ ጀምሮ የሚሞት ልጅ የሚታያት ሴት ነበረች። ሙሉ ጥበቃ ማለት የሕፃኗ ልብ፣ ትንፋሽ፣ ደም፣ የምትናገረው፣ የምትሄድበት ሁሉ ወደ እናቷ ጌጥ መግባቱ ነው። አስካለ ትምህርት ቤት ስትወድቅ ኤልዳና ከመምህሯ ቀድማ ታውቃለች። አስካለ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድ ልጅ ስትወድ ልቧ ስንት ጊዜ እንደመታ ኤልዳና ታውቃለች።

አስካለ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላት ዕለት ጌጡ ጠየቀ። «ጥበቃው ይቀጥል? ልጅዎ ፈቅዳለች?» አስካለ ጓሮ ጸጉሯን እየታጠበች ነበር። ኤልዳና «አዎ» አለች። ማታ እጠይቃታለሁ ብላ ነበር። ማታ እንግዳ መጣ። በማግስቱም ሌላ ነገር ተፈጠረ፤ ከዚያ በኋላ መጠየቁ ራሱ ጥያቄ የሚያስነሣ ሆነ።

በሃያ ሁለት ዓመቷ አስካለ ናሆምን አግብታ ሁለት መንደር አልፎ ቤት ተከራየች። ምሳዋን ግን እናቷ ቤት ነበር የምትበላው። በጥቅምት ወር ጌጡ «ሁለተኛ የልብ ምት ተገኝቷል» አለ። ኤልዳና ብቻዋን ወጥ ቤት ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋ እልል አለች። አስካለ ገና አላወቀችም። ኤልዳና ባልዲውን ከእጇ መቀበል፣ ወንበር ማቅረብ፣ ጉበት መግዛት ጀመረች። አስካለ «እማ፣ ዘንድሮ ምን ነክቶሻል?» እያለች ትስቅባት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አስካለ መጥታ ስትነግራት ኤልዳና እንደ አዲስ እልል አለች፤ ሁለተኛውም እልልታ ውሸት አልነበረም።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ፣ ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ ጌጡ «ሁለተኛው የልብ ምት ቆሟል» አለ። የዝናብ ትንበያ በሚናገርበት ድምፅ ነው የተናገረው።

መርዶ እንዲህ አይነገርም። መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ደጋፊ እጅ ተዘጋጅቶ። ዘመድ የሞተበት ሰው እስኪያርፍ፣ እህል እስኪቀምስ ይጠበቃል። ኤልዳና የምታውቀው ይህንን ነው፤ አባቷ የሞቱ ጊዜ ለእሷም የተነገራት በዚሁ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ላልተወለደ ልጅ ማንን ትሰብስብ? እንዴት አወቅሽ ቢሏትስ ምን ትበል? ጌጡም ተሳስቶ ይሆናል አለች፤ ተሳስቶ ባያውቅም። ማክሰኞ አስካለ መጥታ በላች። ረቡዕ መጥታ በላች፤ ስም ስታወጣና ስትጥል ዋለች። ሐሙስና ዓርብም መጣች። ኤልዳና እያጎረሰቻት ነገ እነግራታለሁ አለች።

ቅዳሜ አስካለ ራሷ ለክትትል ክሊኒክ ሄዳ ተነገራት። ብቻዋን ነበረች። ኤልዳና ደርሳ ስትጮህ፣ ጩኸቷን የሰማ ሁሉ ገና አሁን የሰማች መስሎት ነበር።

ዓመት ሳይሞላ ኩታ ተከፈለ፣ መዝገቡም ታደለ። በአስካለ መዝገብ ውስጥ አንድ መስመር እንዲህ ይል ነበር፦ «ሁለተኛ የልብ ምት፦ ቆሟል። ማክሰኞ። የከፈተው፦ እናት። እስከ ቅዳሜ የተከፈተው፦ ስልሳ አንድ ጊዜ።»

አስካለ ወረቀቱን ይዛ መጣች። አልተቀመጠችም።

«ረቡዕ ስም ስናወጣ ታውቂ ነበር?»

«እህል እንድትቀምሺ ብዬ ነው» አለች ኤልዳና።

አስካለ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች። ኤልዳና ልጇን ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው ያን ዕለት ነው።

የዕድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ያፌት ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ዕድሩ የሚሰበሰበው አባላቱ በሙሉ አንድ በአንድ እየተነሡ «መሰማት ፈቅጃለሁ» ካሉ በኋላ ነው፤ ይህ ብቻ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። በግንቦቱ ስብሰባ ማብቂያ ላይ ጋሽ ያፌት ኤልዳናን ወደ ጎን ጠሯት።

«አንቺ ልጅ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ፊትሽ አልተፈታም። ልጅሽ ናት አይደል?»

«ጋሼ፣ ስለ እሷ ማውራት አይፈቀድልኝም።»

«እኔ ስለ አንቺ ነው የጠየቅሁት። በእናትና በልጅ መሃል የምን ፈቃድ ነው? ሽማግሌ ለምን ተፈጠረ ታዲያ?»

«ሕጉ ይከለክላል እኮ።»

«ሕጉ አንቺን ነው የሚከለክለው። እኛ ደሴ ዘመድ ልንጠይቅ እየሄድን ነው። መንገዳችን ላይ አንድ ቤት እናንኳኳለን።»

ጓደኛቸው ሐጂ እንድሪስ ከኋላ ሳቁ። «ያፌት፣ አንተ ደሴ ዘመድ የለህም።»

«አሁን ይኖረኛል። አንተም ትመጣለህ።»

«ምን ገዶኝ! እኔ እንደሆን የድርም የማግም አይደለሁም፤ የአላህ ባሪያ ነኝ።»

«እንደ ሦስተኛ ጥያቄ ቢቆጠርብኝስ?» አለች ኤልዳና።

«ወረቀት ሳይጻፍ፣ ጣት ሳይነካ የምን ጥያቄ ነው? ኧረ ተይ አንቺ ሴት፣ አታሟርቺ።»

ሐጂ እንድሪስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጠባችሁ ምንድን ነው? አውቀን እንሂድ።»

ኤልዳና መሬት መሬት አየች። ብትነግራቸው የሚሄዱላት አልመሰላትም። «የእናትና የልጅ ነገር ነው፣ ሐጂ።»

«ይሁን። እኛም ያለፈውን አንቆፍርም። አብሽሪ።»

ቅዳሜ ሦስቱ ሄዱ፤ ሦስተኛዋ ጡረታ የወጡት አዋላጅ እትዬ ማክዳ ነበሩ። ኤልዳና ቤቷ ቀረች። አውቶቡሱ ሐረጎ ላይ ሲገለበጥ ሁለት ጊዜ ታያት። ልጇ በሩን ፊታቸው ላይ ስትዘጋ ታያት። ቤት ለቅቃ ሌላ ሰው ሲከፍት ታያት። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ጌጡ ተናገረ።

«አስካለ ፈቅዳለች። ማረጋገጫው በአምስት ቀን ውስጥ ይጠናቀቃል።»

ኤልዳና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጌጡን «ድገመው» አለችው። ደገመው። ስድስት ጊዜ አስደገመችው፤ በስድስተኛው ላይ ከቃሉ ውስጥ ክፉ ነገር መፈለግ እንደጀመረች አውቃ ተወችው። ተነሥታ የአስካለን የድሮ ክፍል ከፈተች። መስኮቱን ወለወለች፣ አንሶላውን አጠበች፣ አልጋውን ከግድግዳው አራቀች፤ አስካለ ግድግዳው ይቀዘቅዘኛል ትል ነበር።

ሽማግሌዎቹ ወደ አሥር ሰዓት ላይ ተመለሱ። ጋሽ ያፌት ገና በሩን ሳይገቡ ጮኹ።

«እሺ አለች! አላልኩሽም?»

«በስንት ልመና?»

«ልመና? ቆምን እንጂ። አንድ ሰዓት ከሩብ ቆምን! ወንበር አመጣች፣ አልተቀመጥንም። ውሃ አመጣች፣ አልጠጣንም። እሺ ሳትዪን አንቀመጥም አልናት። ኋላ ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ አይታ ራራች።»

«ጉልበትህማ ወንበሩ እንደመጣ ነው መንቀጥቀጥ የጀመረው» አሉ ሐጂ እንድሪስ።

ሁሉም ሳቁ። ኤልዳናም ሳቀች፤ ሳቋ ለራሷ እንግዳ ሆነባት።

«ምን አለች? ቃሏን ንገሩኝ።»

ሐጂ እንድሪስ ጺማቸውን ዳበሱ። «አንድ ነገር ጠየቀችን። ‹ያደረገችውን ነግራችኋለች?› አለች። እኛ ያለፈውን አንቆፍርም፣ ስለ ነገ ነው የመጣነው አልናት። ከዚያ የሦስታችንንም ጉልበት ስማ ‹እሺ፣ ስለ እናንተ ስል› አለች። ጨዋ ልጅ ነው ያሳደግሽው።»

ሁለቱ ሽማግሎች ቀድመው ሲወጡ እትዬ ማክዳ ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ኤልዳና፣ ምንድን ነው ያደረግሽው?»

«ሌላ ቀን እነግርዎታለሁ፣ እትዬ።»

«አርባ ዓመት ሴት ሳዋልድ ኖሬአለሁ። ሰው አፉ እሺ እያለ አካሉ ሌላ ሲል አውቃለሁ። ያቺ ልጅ እሺ ስትል እጇ ወንበሩን ይዞ ነበር። ጣቶቿ ደም እስኪሸሻቸው ድረስ ጨብጣው ነበር።» የኤልዳናን ትከሻ መታ መታ አድርገው ሄዱ።

ማክሰኞ ከባለሥልጣኑ ጥሪ መጣ። ሐሙስ ጠዋት ኤልዳና ንጹሕ ነጠላ ለብሳ ወደ ደሴ ወጣች። የባለሥልጣኑ ቢሮ ፒያሳ አካባቢ፣ አንድ ጠባብ ፎቅ ላይ ነው። በመጠባበቂያው ወንበር ላይ አንድ ባልና ሚስት በመሃላቸው አንድ ወንበር ባዶ ትተው ተቀምጠዋል። ማንም ለማንም ሰላምታ አልሰጠም።

የተቀበለቻት ተናኘ የምትባል ወጣት ናት። ጸጉሯን ወደ ኋላ አስራለች፤ ስትናገር የወረቀቱን ጠርዝ በጣቷ ታስተካክላለች።

«እናቴ፣ ይቀመጡ። ባለፈው ቅዳሜ ሦስት ሽማግሎች ልከዋል?»

«አልላክሁም። ዘመድ ሊጠይቁ ሄደው ነው።»

ተናኘ ከወረቀቱ ቀና ብላ አየቻት። ኤልዳና ዓይኗን ሰበረች።

«ልኬአለሁ።»

«አንድ ሰዓት ከአሥራ አምስት ደቂቃ ቆመዋል። እሺ ካላልሽ አንቀመጥም፣ አንጠጣም ብለዋል። የሦስቱም ጌጥ ይህንኑ መዝግቧል። እሷም ‹ስለ እናንተ ስል› ብላ ነው የመለሰችው። በአዋጁ መሠረት ይህ በጫና የተገኘ ፈቃድ ነው።»

«ልጄ፣ እኛ አገር ሽማግሌ እንዲህ ነው የሚለምነው። ቁጭ ብሎ የሚለምን ሽማግሌ አይቼ አላውቅም።»

«እኔም አላየሁም፣ እናቴ። እኔንም የዳሩኝ ቆመው ነው።» ተናኘ ይህን ብላ ወረቀቱን እንደገና አስተካከለች። «እንዲህ ያለ ፈቃድ ሲመጣ ፈቃጁ ብቻውን ተጠርቶ ይጠየቃል። በዝግ ክፍል ውስጥ፣ ማንም በሌለበት። ካረጋገጠ ይጸናል።»

ኤልዳና የነጠላዋን ጫፍ ያዘች። እስከዚህ ደቂቃ ድረስ ያሰበችው ሁሉ ክፉ ነበር። ክፉውን አስቀድሞ ያሰበ ሰው ክፉው ሲመጣ የሚቀለው ይመስላት ነበር።

«ተጠየቀች?»

«ማረጋገጫ አልተሰጠም።»

«መጥታ ነበር?»

«ይህንን መናገር አልችልም።»

«እምቢ አለች ወይስ ዝም አለች?»

«በሕግ ልዩነት የለውም።»

«ለእኔ አለው።»

ከመስኮቱ ውጭ ጉሙ ከጦሳ ላይ እየወረደ ነበር።

«ይኸውልሽ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ከስታለች?»

«እናቴ፣ እሱ የጤና መረጃ ነው።»

ኤልዳና ራሷን ነቀነቀች። እውነቷን ነው። የጤና መረጃ ነው። ስልሳ አንድ ጊዜ የከፈተችውም የጤና መረጃ ነበር።

«የሽማግሎቹ መላክ እንደ ሦስተኛ ጥያቄ ተመዝግቧል» አለች ተናኘ ቀስ ብላ። «ስለዚህ በእርስዎ በኩል ተዘግቷል። እሷ በራሷ ጊዜ፣ ማንም ሳይጠይቃት ልትከፍተው ትችላለች።»

«ከፍቶ የሚያውቅ ሰው አለ?»

«ቁጥሩን መስጠት አልተፈቀደልኝም።» ከዚያ ሌላ ወረቀት ሳበች። «ይግባኝ የማለት መብት አለዎት። ሦስቱ ሽማግሎች ቀርበው ‹ወዳ ነው የፈቀደችው፣ አላስጨነቅናትም› ብለው ከማሉ ጉዳዩ እንደ አዲስ ይታያል። እሺታዋም ሊጸናልዎት ይችላል። ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ያደርጋል።»

ጋሽ ያፌት ይምላሉ። ዛሬውኑ ይምላሉ፤ ቢሮው ውስጥ ገብተውም ሰዓት ሙሉ ይቆማሉ። ሐጂ እንድሪስም ጓደኛቸውን አያሳፍሩም። ኤልዳና አስካለ ተገዳ በሩን ስትከፍትላት አሰበች። በወር አንድ እሑድ፣ ለመሐላው ስትል፣ ወንበር ስታቀርብላት። እሷ እንዴት ነሽ ብትላት «ደህና» ብላ ስትመልስላት። በሩ እንዲያም ሆኖ የተከፈተ በር ነው። የምታየው ፊት ያው የአስካለ ፊት ነው፤ ከስታ እንደሆነ ታውቃለች፣ አምሮባት እንደሆነ ታውቃለች። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች?

«እጇ ወንበሩን ይዞ ነበር አሉኝ» አለች።

«ምን አሉ?»

«እሺ ስትል። ያ እሺታ ለእኔ አልነበረም፣ ልጄ። ለሦስት አሮጌ ጉልበት የተሰጠ እሺታ ነው። እሱን ደግሞ አልወስድባትም።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ይግባኝ አልልም። የት ነው የምፈርመው?»

ተናኘ ወረቀቱን አልሰጠቻትም። ለአፍታ ወደ በሩ አየች።

«ከመፈረምዎ በፊት አንድ መብት አለዎት። ዝግ ክፍሉን ለግማሽ ሰዓት መጠቀም ይችላሉ። ጌጥ አይገባበትም። አይቀዳም፣ አይመዘገብም። ሰዎች የሚወስኑትን ነገር የሚያስቡበት ነው።»

«የወሰንኩትን ወስኛለሁ።»

«እሱስ ልክ ነው፣ እናቴ።» ተናኘ ከወንበሯ ተነሣች። «በዚህ ዞን ያለን ዝግ ክፍል ግን ያ አንድ ብቻ ነው።»

ኤልዳና ነገሩ እስኪገባት ጥቂት ቆየች። ከዚያ ጌጧን ከጆሮዋ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሳታደርገው የዋለችበትን ቀን አታስታውስም። ጆሮዋን በረዳት።

ክፍሉ ትንሽ ነው። መስኮት የለውም። አንድ ጠረጴዛና አንድ ወንበር አለ፤ ግድግዳው ላይ ምንም የለም። ተናኘ በሩን ዘጋችው። ኤልዳና ወንበሩን በእጇ ነካችው፤ መቀመጫውን፣ ቀጥሎ መደገፊያውን። ሞቆ አልጠበቃትም። የማንም ሽታ አልነበረውም። አስካለ እዚህ ተቀምጣ ከሆነ ምን ያህል እንደተቀመጠች፣ አልቅሳም እንደሆነ የሚነግር ምንም ነገር አልተረፈም። ሕጉ እንዲህ እንዲሆን ነው የፈለገው።

ተቀመጠች።

ከዚያ ባዶውን ጠረጴዛ እያየች መናገር ጀመረች፣ ድምፏን ከፍ አድርጋ፣ ፊት ለፊቷ ሰው እንዳለ።

«ማክሰኞ ነው ያወቅሁት፣ አስኩ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። አንቺ ምሳ ልትበዪ ስትመጪ ፊቴን ታጥቤ ጠበቅሁሽ። ዓይንሽ ምን ሆኗል ስትዪኝ ሽንኩርት ነው አልኩሽ። እህል እንድትቀምሺ ብዬ ነው ያልኩሽ ውሸት ነው። በረሃብ እንዳትሰሚው አይደለም የደበቅሁሽ። ብነግርሽ እንዴት አወቅሽ ትዪኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነው። ለራሴ ፈርቼ ነው። ሳላስፈቅድሽ አራት ዓመት ሙሉ ልብሽን ሳዳምጥ ኖሬ፣ እንዳይታወቅብኝ ብዬ ልጅሽን ከአንቺ ደበቅሁ።»

አፏን በነጠላዋ ጠረገች።

«ረቡዕ ስም ስታወጪ ዋልሽ። አንድም አልጥምሽ አለ። እማ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ አልሽኝ። ሰናይ ይባል ያልኩት እኔ ነኝ። ወንድም ቢሆን ሴትም ብትሆን ሰናይ ያምራል አልኩሽ። ደስ ብሎሽ ሳምሽኝ። የሌለ ልጅ መሆኑን እያወቅሁ ስም አወጣሁለት፣ አንቺም በዚያ ስም ሦስት ቀን ስትጠሪው ሰነበትሽ። መርዶውን ክሊኒክ ብቻሽን ነው የተቀበልሽው። መሬት ስትወድቂ የሚይዝሽ ሰው አልነበረም። እኔ መያዝ ነበረብኝ። ይቅር በዪኝ አልልሽም፤ ይቅር በዪኝ ማለትም መለመን ነው፣ ልመናዬን ጨርሻለሁ። ማክሰኞ ነው ያወቅሁት። ይኸው ነው።»

ስትጨርስ ጠበቀች። ጌጡ ጆሮዋ ላይ ቢሆን ኖሮ «ይላክ?» ብሎ ይጠይቃት ነበር። ማንም አልጠየቃትም። ከግማሽ ሰዓቱ ገና ብዙ ደቂቃ ይቀራት ነበር። ኤልዳና ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋችና ከመጀመሪያው ጀምራ እንደገና ተናገረችው።